አይብ ያልሆነው ከርድ፦ ሩባርብ ባሕር ዳር የገባ ሰሞን

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ዐቢይ ጾም ከተጋመሰ በኋላ፣ ሆሣዕና ሊደርስ 10 ቀን ገደማ ሲቀረው አንዲት ሴት ደወለችልኝ። የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ የምትኖረው ግን እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ነው። ወንድሟ ለዳግማይ ትንሣኤ ያገባል። ትልቁ የሠርግ ኬክ ሌላ ቦታ ታዟል። ከእኔ የፈለገችው ለቤተሰቡ ጠረጴዛ የሚሆን መካከለኛ ኬክ ነው፤ ግን በየንብርብሩ መሃል ክሬም ሳይሆን የሩባርብ ከርድ እንዲገባበት። ልጆቿ እሱን እየላሱ ነው ያደጉት።

«ችግር የለም» አልኳት። ሩባርብ ምን እንደሆነ ማሰብ የጀመርኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

እኔ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ፣ በመኖሪያ ቤቴ፣ በትዕዛዝ ኬክ እሠራለሁ። የሎሚ ከርድ ሠርቼ አውቃለሁ፤ ሩባርብ ግን በዓይኔም አይቼ አላውቅም ነበር። ከታች ያለው የዚያ ሰሞን ውሎዬ ነው፤ ሁለት ጊዜ አበላሽቼ በሦስተኛው እንዴት እንደተሳካልኝ። ያበላሸሁት ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ምክንያቱም ባሕር ማዶ የተጻፈ አሠራር ደረጃውን በሙሉ ይነግርሻል፤ ድስትሽ ከምን እንደተሠራ፣ ቅቤሽ ከየት እንደመጣ፣ እንቁላልሽ ስንት ግራም እንደሚመዝን ግን አይጠይቅሽም። እኔን የጣሉኝ እነሱ ናቸው።

መጀመሪያ ስሙ። ዘጌ የሚኖሩት አክስቴ ያን ሰሞን እኔ ጋ ነበሩ። «ከርድ» ስል ሰምተው «አይብ ነው?» አሉ። አልተሳሳቱም፤ እንግሊዞቹ ወተት ሲቋጠርም ይህንንም በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት። ይሄኛው ግን ወተት የለበትም። የኮመጠጠ ጭማቂ፣ ስኳር፣ እንቁላልና ቅቤ በለስላሳ እሳት እየተማሰለ የሚወፍር ዳቦ ላይ የሚቀባ ነገር ነው። ዱቄት አይገባበትም፤ የሚያወፍረው እንቁላሉ ራሱ ነው። ከእሳት ሲወርድ አጥሚት ይመስላል፤ ሲቀዘቅዝ ማንኪያ ያቆማል።

ሩባርቡ ደግሞ ፍሬ እንኳን አይደለም። አገዳው ቀላ ያለ ትልቅ ቆስጣ አስቢ። የሚበላው አገዳው ብቻ ነው። ዘመዶቹን ግን እናውቃቸዋለን። ቅቤ ስናነጥር ለቀለም ጣል የምናደርገው መቅመቆ የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ልጅ ሆነን ቀንበጡን እየላጥን የምናኝከው እምቧጮም እንደዚሁ። እምቧጮ ነክሶ ፊቱን ያጨማደደ ሰው የሩባርብን ጣዕም ግማሹን ያውቀዋል ማለት ነው።

ብርድ የሚወድ ተክል ነው። እነሊድስ፣ ዌክፊልድና ብራድፎርድ ባሉበት አካባቢ ብርዱ ሲከፋ ጨለማ መጋዘን ውስጥ ያሳድጉታል፤ የሚለቅሙትም በሻማ ብርሃን ነው። ብርሃን ያላየ አገዳ ለስላሳና ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ስሙን ሌላ ቦታ ያደገ እንዳይወስደው የአውሮፓ ኅብረት በ2010 እ.ኤ.አ. ጥበቃ ሰጥቶታል፤ ልክ እንደ አንዳንድ አይብና ወይን። እና እንግዲህ እኔ ጣና ዳር፣ በሚያዝያ ሙቀት፣ ይህን ፍለጋ ልወጣ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ለአትክልት ሻጮቹ የስልኬን ፎቶ ሳሳያቸው አንዷ «ቆስጣው እኮ ቀይም አለው፣ ስንት ላድርግልሽ?» አለችኝ።

ያዳነችኝ ራሷ ደንበኛዬ ናት። አዲስ አበባ ዘመዷ ጓሮ ውስጥ ተክለውት ኖሯል። 3 ኪሎ የሚሆን፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በአውሮፕላን ከሚመጣ ሰው ጋር ላኩልኝ። ሻማ ያየ የሊድስ ሩባርብ አይደለም፤ አገዳው ከሥሩ ቀይ ሆኖ ወደ ላይ አረንጓዴ ነው። ይህ በኋላ ቀለሙ ላይ ዋጋ አስከፍሎኛል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጥቅሉን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ስልክ ላነሳ ወጣሁ። ስመለስ አክስቴ ቅጠሎቹን ከአገዳው ለይተው፣ አጥበው፣ ቢላዋ ይዘዋል። ጾም ነው፣ ቅጠሉ ሰፊና ለምለም ነው፤ እሳቸው ያዩት የአንድ ድስት ጎመን ነው። ጮኬ ነው ያስቆምኳቸው። የሩባርብ ቅጠል መርዛማ ነው። ኦክሳሊክ አሲድ የሚባል ነገር በብዛት አለበት፤ ያስመልሳል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ብዙ ከተበላ ከዚያም ይብሳል። ቢቀቀልም ለመብላት አይሆንም። አገዳው ውስጥም አለ፣ ግን ትንሽ ነው። (የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው አገዳውንም ቢተወው ይሻለዋል።) አክስቴ በጣም ተናደዱ። «እንዲህ ያለ ቅጠል ይጣላል? አንቺ ልጅ፣ ጥጋብ ነው!» ከዓይናቸው ፊት ነው ለቅሜ ያወጣሁት፤ ቆሻሻው ውስጥም ተመልሰው እንዳያነሱት አመድ በተንኩበት። አሁን ላይ ሳስበው የዚህ ታሪክ ትልቁ አደጋ ይህ ነበር፣ ከርዱ አይደለም።

ቅጠሉ ሲወጣ 1 ኪሎ ከ800 ግራም አገዳ ቀረኝ።

ሁለተኛው ጣጣ ጾሙ ነው። እንቁላልና ቅቤ የሚገባበት ነገር እየሠራሁ ራሴ መቅመስ አልችልም። በዓይኔና በማማሰያዬ ብቻ ልሠራው ነው። ቀማሽ ፈልጌ ግድግዳ የምንዋሰናቸውን ሐጂያን ለመንኳቸው። ረመዳን አልፎ ነበር። ምላሳቸው ስለታም ነው፣ በሁለቱም በኩል።

የመጀመሪያው ሙከራ አሳፋሪ ነው። 400 ግራም አገዳ ቆራርጬ፣ ውሃ ጠብ አድርጌ፣ በዕለት ተዕለቱ የአሉሚኒየም ድስቴ ቀቀልኩት። አጠለልኩት። ወደዚያው ድስት መልሼ ስኳር፣ 3 እንቁላልና ከገበያ የገዛሁትን ለጋ ቅቤ ጨመርኩና የኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ በቀጥታ ጣድኩት። ማማሰል አላቋረጥኩም። ግን የምድጃው ክብ ብረት አንዴ ከጋለ ብታጠፊውም ቶሎ አይበርድም። ከታች በኩል መጀመሪያ አንድ ነጭ ክር አየሁ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ በቃ፣ የጣፈጠ የእንቁላል ፍርፍር ሆነ። ቀለሙ ደግሞ ግራጫ፣ የዝናብ ደመና የመሰለ። ሐጂያ ከዳር ትንሽ በማንኪያ ቀመሱና ዝም አሉ። ከዚያ፦ «እታለሜ፣ ይሄ እኮ ፀጉሬን ስቀባ የሚሸተኝን ነው የሚሸተው። ደግሞ ብረት ብረት ይላል።»

ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ብረቱ ከድስቱ ነው። ኮምጣጣ ነገር አሉሚኒየም ውስጥ ሲፈላ ከድስቱ ጋር ይጣላል፤ ጣዕሙንም ቀለሙንም ያበላሻል። ለጎመን ምንም አይልም፣ ለሩባርብና ለሎሚ ግን አይሆንም። ቅቤው ደግሞ የእኛ ቅቤ ከእርጎ ነው የሚወጣው፤ ገና ለጋ እያለም የራሱ ኮምጠጥ ያለ ጠረን አለው። ክትፎ ላይ የምንወደው ያንኑ ጠረን ነው። ስኳርና ፍሬ መሃል ሲገባ ግን ሁሉን ነገር ይውጠዋል። (ንጥር ቅቤ ያደረገ ሰው ቢኖር ኮረሪማና ኮሰረት የሚሸት ከርድ ነው የሚያገኘው፤ እኔ እንኳን እስከዚያ አልደረስኩም።) ከዚያ ወዲህ ለከርድ የምጠቀመው ጨው የሌለውን የገበታ ቅቤ ብቻ ነው።

ለሁለተኛው ሙከራ ሁለቱን ቀየርኩ፣ ድስቱንና ቅቤውን። የማይዝግ ብረት ጎድጓዳ ሳህን ተዋስኩ፤ ከሥሩ ድስት ውስጥ ትንሽ ውሃ እየፈላ፣ ሳህኑ ውሃውን ሳይነካ በእንፋሎቱ ብቻ እንዲሞቅ አደረግኩ። በቀጥታ እሳት ላይ ከማስቀመጥ ይህ በእጅጉ ይሻላል። ቴርሞሜትርም ነበረኝ፤ ለካራሜል የገዛሁት። ነገር ግን ያመንኩት ቴርሞሜትሩን አይደለም፣ ሰዓቱን ነው። አሠራሩ «10 ደቂቃ» ይላል። 10 ደቂቃ ስትሞላ አወረድኩት።

ለስላሳ ነበር። ቋጠሮ የለውም። ያማረ ነበር፣ እውነቴን ነው። ፍሪጅ ውስጥ አሳድሬ ጠዋት ሳየው ግን ያው እንደፈሰሰ ነው። ሐጂያ ማንኪያውን ከፍ አድርገው ሲንጠባጠብ አዩትና «መጠጥ ነው ወይስ ምግብ?» ብለው ጠየቁኝ። ቀመሱት፤ «ይጣፍጣል፣ ግን ምን እንደሆነ አይታወቅም» አሉ። የበለጠ የጎዳኝ ይሄኛው ነው።

ቁጭ ብዬ ማስታወሻዬን ገለጥኩ። ሦስት ነገር አገኘሁ።

አንዱ ሰዓቱ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፣ በ94 አካባቢ ነው። ስለዚህ እንፋሎቱም ያን ያህል አይሞቅም፤ ለእንቁላሉ ደግ ነው፣ ግን ጊዜ ይወስዳል። ሳወርደው ቴርሞሜትሩ 66 ይላል፤ ጽፌዋለሁ፣ አይቼዋለሁ፣ ግን ሰዓቱን አመንኩ። ከርድ የሚወፍረው ከ76 እስከ 80 ባለው ነው። ከ85 ካለፈ ደግሞ እንደ መጀመሪያው ይቋጠራል። መንገዷ ጠባብ ናት። ይልቅ ያሳፈረኝ ሌላ ነው፦ እንቁላል ያለበት ነገር ቢያንስ 71 ዲግሪ ካልደረሰ ጀርሙ ሞቷል ማለት አይቻልም። እኔ ደግሞ 66 ላይ ያወረድኩትን ለሰው አቀመስኩ። ሐጂያ ምንም አልሆኑም፤ ነግሬያቸው ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ቀሪውን ደፋሁት።

ሁለተኛው እንቁላሉ ነው። አሠራሩ «3 ትልልቅ እንቁላል» ይላል። እነሱ ትልቅ የሚሉት ከነቅርፊቱ 60 ግራም አካባቢ የሚመዝነውን ነው። የእኔ የሐበሻ እንቁላል ሚዛን ላይ 40 ግራም ብትሞላ ነው። አስኳሏ ቢጫ፣ የሚያምር፣ ከፈረንጁ የምትሻል፤ ግን ትንሽ ናት። ሦስቷ ተደምራ የሁለቱን ሥራ ነው የሠራችው። በቁጥር መሥራት እዚህ አያዋጣም፣ በግራም ነው።

ሦስተኛው፣ እና ለእኔ ዋናው፣ ሩባርቡ ራሱ ነው። እኔ እንደ ሎሚ ነው የቆጠርኩት። የሎሚ ጭማቂ ከ100 ግራሙ 5 ወይም 6 ግራም ያህሉ አሲድ ነው፤ ለዚህ ነው ትንሽ ጠብታ ብዙ ስኳርና ቅቤ የሚሸከመው። ሩባርብ ግን ከ100 ግራም ወደ 94 ግራሙ ውሃ ሲሆን አሲዱ ከሎሚ በብዙ ያንሳል። ጥሬውን ስትነክሺው ይቆጣል፣ ስኳርና ቅቤ ሲገባበት ግን ድምፁ ይጠፋል። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ ውሃ ጨምሬበት ነበር! «ምን እንደሆነ አይታወቅም» ያሉት ሐጂያ ሳይንሱን ሳያውቁ ነገሩን ጨርሰውታል።

ለሦስተኛው ሙከራ ያለኝን አገዳ በሙሉ ቆራርጬ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኩ። ይህ ለማቆየት ብቻ አይደለም፤ በረዶው የተክሉን ሥጋ ከውስጥ ስለሚሰባብረው ሲቀልጥ ጭማቂውን በቀላሉ ይለቃል። 500 ግራሙን አውጥቼ፣ አንድ ጠብታ ውሃ ሳልጨምር፣ በሁለት ማንኪያ ስኳር ብቻ በማይዝገው ድስት ላይ አቀለጥኩት። በማጥለያ አድርጌ በማንኪያ ጀርባ ጨምቄ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ አገኘሁ። ያንን ብቻውን ግማሹ እስኪቀር፣ 150 ሚሊ ሊትር እስኪሆን አፈላሁት። ወጥ እንደማንተክተክ ነው፣ ቅመሙ የሚጠነክረው ውሃው ሲሄድ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ አክስቴ ከዘጌ በጀልባ ይዘውት ከመጡት ሎሚ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨመርኩ። የዘጌን ሎሚ የማያውቅ ካለ ትንሽ ናት፣ ቅርፊቷ ስስ ነው፣ ግን አትምርም።

ከዚያ 3 ሙሉ የሐበሻ እንቁላልና የሌሎች 3 እንቁላሎች አስኳል፣ 150 ግራም ስኳር። ለቀለም የቀይ ሥር ጭማቂ አንድ የሻይ ማንኪያ፤ ከዚያ ካለፈ ሩባርቡ ሳይሆን ቀይ ሥሩ ይናገራል። ሳህኑ እንፋሎት ላይ ወጣ። ማማሰል ጀመርኩ። 50፣ 58፣ 63።

መብራት ጠፋ።

በዚህ ሰሞን የሚገርም ነገር አይደለም፣ ግን 63 ላይ! አክስቴ ምንም ሳይሉ ከደጅ የቡናውን ከሰል ምድጃ ይዘው ገቡ። ድስቱን ከነሳህኑ አዛወርነው። ከሰሉ ግን ደርቆ የተቀጣጠለ ነበር፣ ውሃው ወዲያው ተንተከተከ። ሊቋጠርብኝ ነው ስል አክስቴ በማንኪያ አመድ ዘግነው ፍሙ ላይ አለበሱት። ለእንጀራም ለዶሮ ወጥም ስንት ዓመት እሳት ሲያበርዱ የኖሩበት እጅ ነው። ሙቀቱ እንደ ሰው ተረጋጋ። የኤሌክትሪክ ምድጃዬ እንዲህ አድርጎልኝ አያውቅም። 70፣ 74፣ ከዚያ ማማሰያው መክበድ ጀመረ፣ አረፋው ጠፋ። ከተጣደ 25 ደቂቃ ገደማ ሆኖታል። 78 ላይ አወረድኩት። የማማሰያውን ጀርባ በጣቴ ሳሰምርበት መስመሩ ሳይዘጋ ቆየ።

ቅቤው የገባው ከወረደ በኋላ ነው። 100 ግራም፣ ከፍሪጅ እንደወጣ፣ በትንንሹ ተቆርጦ፣ አንዱ ሲቀልጥ ሌላው እየተጨመረ። ቀዝቃዛው ቅቤ ሙቀቱን ስለሚያወርደው ከርዱ በራሱ ግለት መብሰሉን እንዳይቀጥል ያደርጋል። አጠለልኩት። ላስቲኩን ከላዩ ጋር አጣብቄ ሸፈንኩት፤ አለበለዚያ እንደ ወተት ቆዳ ያወጣል። ቀለሙ እንደ ፎቶው ሮዝ አልሆነም። ቢጫ አስኳልና ሮዝ ጭማቂ ሲቀላቀሉ የሚያወጡት የኮክ ቀለም ነው። ቀይ ሥሩ ባይኖር ኖሮ ከአረንጓዴው አገዳ የተነሳ ይበልጥ ይደበዝዝ ነበር።

ሐጂያ ማንኪያውን ገለበጡት። አልወደቀም። ቀመሱ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አሁን አወቅኩት» አሉ። ምን እንደሆነ አያውቁም እኮ፣ ግን ገብቶኛል።

እኔ የቀመስኩት ፋሲካ ጠዋት ነው። ትንሽ ብልቃጥ ከሦስተኛው ሙከራ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬ ነበር፤ ከርድ በረዶ ይችላል። ዶሮው ተበልቶ ካለቀ በኋላ ድፎ ዳቦ ላይ ቀባሁት። 55 ቀን ሙሉ እንቁላልና ቅቤ ያልነካ ምላስ ጥሩ ዳኛ አይደለም፣ ሁሉ ነገር ይጥመዋል። እንደዚያም ሆኖ ስኳሩ በዛብኝ። ቅዳሜ ለሠርጉ የመጨረሻውን 500 ግራም ስሠራ 120 ግራም ብቻ አደረግኩ። ኮምጣጣነቱ ወጣ። ኬኩ ላይ ደግሞ ከርዱ በጎን እንዳይፈስ በየንብርብሩ ዳር ዳሩን በክሬም አጥር ሠራሁለት፤ ከርዱ መሃል ላይ እንደ ጣና ተቀመጠ።

እሑድ ማታ ደንበኛዬ ደወለች። ትልቁ ልጇ «ለምንድነው ብርቱካንማ የሆነው?» ብሎ ነበር አሉ፤ ከዚያ ሁለት ቁራጭ በላ። ትንሿ «የአያቴ ቤት ከርድ ይሻላል» ብላ ከእንግሊዛዊቷ አያቷ ጋር አወዳድራኛለች። ተሸነፍኩ፣ ምንም አልልም።

ግማሽ የማርማላታ ጠርሙስ ተርፎ ነበር። ከርድ እንደ ማርማላታ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም፣ እንቁላልና ቅቤ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ነው ዕድሜው፣ እሱም ፍሪጁ ከበረደ። አክስቴ ጠዋት ጠዋት ከሻይ ጋር በዳቦ ይበሉት ጀመር፤ «አይብሽን አምጪው» ነው የሚሉኝ። ሐሙስ መብራት ከጠዋት ጠፍቶ ማታ መጣ። ጠርሙሱን ስነካው ሞቋል። ሳያዩኝ ልደፋው ስል ከኋላዬ ደረሱ።

«ቅጠሉንም ጣልሽ፣ ቅቡንም ጣልሽ» አሉኝ። ሎሚያቸውን ሰብስበው ዘጌ ሄዱ።